ቁራጭ ሳታይ ዲስክ የማትሸጠው ሴት

በሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ውስጥ የመቁረጫ ዲስኮቹ የተሰቀሉት ከባንኮኒው ጀርባ፣ ገዢ እጁን ቢዘረጋ የማይደርስበት ቦታ ነው። ባለሱቋ ሆን ብላ ነው። ዲስክ የፈለገ ሰው መጠየቅ አለበት፤ ሲጠይቅ ደግሞ እሷም ትጠይቀዋለች።

«ምን ልትቆርጥበት ነው?»

ጥያቄው ሃያ ዓመት ሙሉ ስላልተለወጠ የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ምን ልትቆርጥ» ይላታል። እሷም አቤት ትላለች። «ግድግዳ» ብሎ የመለሰላት ዲስክ አያገኝም፤ «የምን ግድግዳ? ሂድና ቁራጭ አምጣ» ተብሎ ይመለሳል። ሰዉም ለምዶታል። በፌስታል ቋጥሮ፣ በኪሱ ከትቶ፣ አንዱማ በልጁ ምሳ ዕቃ አድርጎ የግድግዳውን ፍርካሽ ይዞ ይመጣል። ቁራጩን በሚስማር ትጭረዋለች፣ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ አንዱን ዲስክ ታወርዳለች።

ሱቁን አብራት የምትይዘው ታላቅ እህቷ ይህ ነገር አይዋጥላትም። «ሰው ዲስክ ሊገዛ ይመጣል፤ አንቺ የደም ምርመራ ታዢለታለሽ» ትላታለች።

ባለሱቋ ልማዱን ያመጣችው ከድንጋይ መቁረጫ ቤት ነው። ሱቅ ከመክፈቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሠርታለች። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ጠንካራ ድንጋይ ቀረበላት፤ ለጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ዲስክ ነው ብላ ከመደርደሪያው ጠንካራውን መርጣ ማሽኑ ላይ አሰረች። ዲስኩ ትንሽ ሄደና ያፏጭ ጀመር፤ ድንጋዩ ግን ፍንክች አላለም። አለቃዋ አጠገቧ ቆሞ ነገሩን አስረዳት። የአልማዝ ዲስክ የሚቆርጠው በብረቱ አይደለም፤ ብረቱ ውስጥ በተቀበሩት ደቃቅ አልማዞች ነው። ፊት ያሉት ሲደንዙ ብረቱ ተፍቆ ከኋላ ያሉት ብቅ ማለት አለባቸው። ብሎኬት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቅ ብረቱ ጠንከር ያለ ዲስክ ይፈልጋል፤ አለዚያ በአንድ ቀን ያልቃል። ጠንካራ ድንጋይና አርማታ ግን ብረቱን እምብዛም ስለማይፍቁ የሚስማማቸው ብረቱ ለስለስ ያለው ነው። ነገሩ ከሚጠበቀው የተገላቢጦሽ ነው። ቁራጭ የምትጠይቀውም ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ሱቁ ገቡ። ዳሌያቸው ተሰብሮ አምስት ሳምንት ሆስፒታል የቆዩት ባለቤታቸው ዓርብ ይወጣሉ፤ ለጊዜው የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የወንበሩ ስፋት ስልሳ ስድስት ሳንቲሜትር፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ስልሳ ሁለት። ሴትዮዋ ደግሞ ቁርጡን ተናግረዋል፦ መጸዳጃ ቤት ራሴ ካልገባሁ፣ የሽንት ዕቃ ይቅረብልሽ የምባል ከሆነ፣ ሌላ ከተማ ያለችው ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ሻንጣቸውንም ከሆስፒታል ሆነው ምን ምን እንደሚገባበት በስልክ እየነገሩ አስዘጋጅተዋል፤ ሳሎን ተቀምጧል።

«አርባ አራት ዓመት አብረን ኖረን በአራት ሳንቲሜትር ልንለያይ ነው» አሉ መምህሩ። እየቀለዱ ነበር፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም።

«ቁራጭ ይዘዋል?»

«አውቅሽ የለ እንዴ?» ብለው ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። በፖስታው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «የግድግዳ ናሙና፣ ከበሩ በስተምሥራቅ» ተብሎ ተጽፏል።

ቁራጩን ጫረችው። ብሎኬት ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ጠርዙ የተከፋፈለ የብሎኬት ዲስክ አወረደች፤ የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ጨመረችበት፤ የመቁረጫ ማሽናቸውን፣ የግራይንደሩን፣ መከለያ እንዳያወልቁ አስጠነቀቀች። ፖስታውን እንደማንኛውም ናሙና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መምህሩ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው ተመለሱና ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ይኸው ዲስክሽ። አንድ ጣት ሳይገባ ደነዘ።»

አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። እንደ መስታወት ለስልሷል። «ይኼ የነካው ብሎኬት አይደለም» አለች።

«ናሙናውን እኮ ከገዛ ግድግዳዬ ነው የነቀልኩት፤ ከሰው ቤት መሰለሽ?»

መሳቢያውን ስባ ፖስታውን አወጣች፤ አነበበችው። «መምህር፣ የቆረጡት በየት በኩል ነው?»

መምህሩ አቧራውን ከቅንድባቸው ጠረጉ። «በምዕራብ።»

«ናሙናው የምሥራቅ ነው የሚለው።»

ታላቅየዋ ሚስማር መመዘኗን አቆመች። «መምህር፣ ጂኦግራፊ አይደል እንዴ ያስተማሩን?»

ነገሩ ወዲያው ተብራራ። በምሥራቁ በኩል ለቧንቧ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ስለነበረ ቁራጭ ለመንቀል ቀለላቸው። ግን በዚያው በኩል፣ በውስጥ፣ ባለቤታቸው ሦስት ወር ሱቅ ለሱቅ ዞረው የመረጡት ዳሩ ሰማያዊ የሆነ ሴራሚክ አለ። መቁረጡ ሲመጣ እጃቸው አልሄደላቸውም። «ግድግዳ ያው ግድግዳ ነው ብዬ ወደ ማዶው ዞርኩ» አሉ።

ባለሱቋ ሌላ ዲስክ አልሸጠችላቸውም። መዶሻና ሜትር፣ የደነዘውንም ዲስክ፣ ጠርዙ ያልተከፋፈለ የሴራሚክ ዲስክም ጨምራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ሱቁን ያዢልኝ» ብላ ተከተለቻቸው።

ቤቱ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ነው። ምሥራቁ እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ። ምዕራቡ ድምፁን ዋጠ። የጀመሩት ስንጥቅ ውስጥ ልስኑ ተልጦ ግራጫ ጠጠር ይታያል።

«ይኼ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ አርማታ ነው» አለች። «የአርማታ ዲስክ ሰጥቼዎት ቢሆን ኖሮ ምሰሶውን የያዘው ብረት ድረስ ይወርዱ ነበር። እንኳን ደነዘ።»

መምህሩ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እና እሷ በሌለችበት ሴራሚኳን ሰብሬ ልጠብቃት?» አሉ።

«ማን ስበሩ አለዎት? ይነሱና ሜትሩን ይያዙልኝ።»

ለካችው። ሴራሚክ የደረደረው ሰው ሙሉዎቹን ከጥግ ጀምሮ ሲመጣ በሩ ጋ ቦታ አጥሮት፣ ዳር ላይ አሥር አሥር ሳንቲሜትር የሆኑ ቁርጥራጮች ለጥፏል። በመጋጠሚያቸው መስመር ቢቆረጥ አንድም ሙሉ ሴራሚክ አይነካም፤ በሩም ሰባ ሁለት ይሆናል። «አራት ብቻ ቢሰፋ ወንበሩ ይገባል፤ ጎማውን የሚገፋው የባለቤትዎ ጣት ግን ይላጣል» አለች። ከበሩ በላይ ግድግዳውን የተሸከመውንም አርማታ እያንኳኳች ጫፉን ፈለገች፤ ከበሩ ጠርዝ ወደ ምሥራቅ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር አልፎ ብሎኬቱ ላይ አርፏል። አሥሩ ቢነሳበት የሚያርፍበት አሥራ አምስት ይቀረዋል። በቃው።

የደነዘውን ዲስክ አልጣለችውም። ግቢ ካለው የብሎኬት ክምር አንዱን አስመርጣ፣ ዲስኩን ግራይንደሩ ላይ አስራ መምህሩን አምስት ስድስት ጊዜ አስቆረጠቻቸው። ብሎኬቱ ብረቱን ፈቀፈቀና አዲሶቹ አልማዞች ብቅ አሉ። ስትዳስሰው እንደ ድመት ምላስ ሻከረ።

ሴራሚኩን እሷ ቆረጠች፤ በመጋጠሚያው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋ፣ ሳትጫን፣ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰች። ብሎኬቱን መምህሩ ቆረጡ፤ ይተዉ ብትላቸው እምቢ ብለው ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ ዱቄት ያልነካው ነገር አልነበረም፤ በሩ ግን ሰባ ሁለት ሆኗል። አናጺ አዲስ መዝጊያ እስኪሠራ መጋረጃ ይሰቀላል።

ወደ ሱቅ ተመልሳ የሆነውን ስትነግራት ታላቅ እህቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ዲስክ ልትሸጪ ሄደሽ አሮጌውን አድነሽ መጣሽ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። በዚሁ ከቀጠልሽ ሱቁን መዝጋታችን ነው» አለችና መጥረጊያ አቀበለቻት።

ቅዳሜ መምህሩ ተላጭተው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። አናጺው የጠየቃቸውን ማጠፊያ ሊገዙ ነው። እህትማማቾቹ ስለ ማጠፊያው አልጠየቋቸውም፤ ስለ ዓርቡ እንዲነግሯቸው ጠበቁ።

«በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነው የሄደችው» አሉ። «በሩ ላይ ወንበሯን አቆመች። ዳሩ ላይ የነበሩት ቁርጥራጮች የሉም፤ አየቻቸው። ‹እነዚያን ድሮም አልወዳቸውም ነበር› ብላ ገባች። መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው።»

«ከዚያስ?» አለች ታላቅየዋ።

«ከዚያማ ከውስጥ ሆና፣ ‹ሻንጣዬን ፍታልኝ፤ የሌሊት ልብሴ ከታች ነው ያለው› አለችኝ።»

ባለሱቋ ዞራ ማጠፊያ ማውረድ ጀመረች። ከዚያ እጇን መለሰች።

«አናጺው ለየትኛው ጎን ነው ያለዎት? ለምሥራቁ ወይስ ለምዕራቡ?»