የሐጃ የብር ትሪ

ባለፈው ዓርብ ጎረቤቴን ተከትዬ ሻርጃ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። እሷ የድሮ ፋኖስ ስታገላብጥ የእኔ ዓይን መስተዋት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የብር ትሪ ላይ ተተከለ። ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ቅርጹ ውስጥ ጥቁር ነገር ተኝቷል። ጠጋ ስል ባለሱቁ፣ "እንዳትወለውይው፤ ዋጋው ያለው ጥቁሩ ላይ ነው" አለኝ። ኧረ ጉድ! ይቺን ቃል ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት?

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወሎ ወጥቼ ዱባይ አንድ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል። እናታችን በጊዜ ስለሞተች ታናሽ እህቴን ሰዓዳን አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሷ ኒካሕ ልታስር ነው። ማዳም፣ "የልጄ የቀለበት ግብዣ ይለፍ እንጂ በሳምንቱ ትሄጃለሽ" ብላ ቃል ሰጥታኛለች። ሻንጣዬን አስሬ አልጋዬ ሥር ከትቻለሁ። የሙሽራዋን እግር በክር ለክተው ልከውልኝ፣ ቀይ ጫማ ገዝቼላታለሁ።

ግብዣው ከዱባይ ወጣ ብሎ ሐታ፣ የማዳም አማት ሐጃ ቤት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ማዳም፣ ሐጃ ለልጃቸው ያወረሱትን የብር ትሪ ከቁም ሳጥን አወጣችና፣ "ለቴምሩ ነው፤ አጽጂው፣ ያላ!" ብላኝ ወጣች። ትሪው ጠቋቁሯል። እኛ አገር በጠቆረ ዕቃ እንግዳ ያስተናገደች ሴት የመንደሩ መጠቋቆሚያ ናት። ታዲያ እኔ ዘይነብ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጌ ልተወው? ግቢ ውስጥ ሥጋ ከተጠበሰበት ምድጃ አመድ ዘገንኩ፤ ሎሚ ጨመቅሁበት። እያንዳንዷን የወይን ቅጠል በጥርስ ብሩሽ እየፈለፈልኩ ከሰዓቱን ሙሉ ፈተግሁት። ሲያልቅ ጥርሴን እስካይበት ድረስ ነጣ። ዋላሂ፣ ኮራሁ።

ማዳም ገብታ ስታየው ጮኸች።

"ምን አደረግሽው? ጥቁሩ እኮ ዕድሜው ነው! የውርስ ዕቃ ነው!"

"ማዳም፣ የቆሸሸ መስሎኝ ነው።"

"አገር ቤት የሚባል ነገር የለም፣ ኸላስ! ራስሽ ተሸክመሽ ለሐጃ ታሳያቸዋለሽ።"

አናደደችኝ፤ ዛሬም ታናድደኛለች። አጽጂው ያለችኝ እሷ፣ ጥቁሩን ተይው ያላለችኝ እሷ፣ ጥፋተኛዋ ግን እኔ!

የግብዣው ቀን ጠዋት ትሪውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ከመኪናው የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ወሩ ጥር ስለሆነ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ቀዩ አሸዋ አልቆ ድንጋያማው ተራራ ሲመጣ ሆዴ ባባ፤ ተራራ ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰዓዳ ያለ እኔ ስትዳር ይታየኛል።

ሐጃ ከቴምሩ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ከጓሮ ሄል የገባበት ሩዝና የፍየል ሥጋ ይሸታል። ፎጣውን ገልጬ አቀረብኩላቸው። ትሪውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ እንባቸው ወረደ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

"ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት እንዲህ ነበር" አሉ። "እንዲህ ነጭ ነበር። ማነው ያጠበው?"

ማዳም መሬት መሬት አየች።

"እኔ ነኝ፣ ሐጃ።"

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። "ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ? የፈለግሽውን ንገሪኝ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል አንዴ "አይ፣ ምንም" ይባላል፤ ሲደገም "ኧረ ይተዉ" ይባላል፤ በሦስተኛው "በሞቴ!" ሲመጣ የልብ ይነገራል። ገና በመጀመሪያው ዘሎ መናገር ስግብግብነት ነው፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ "ምንም አልፈልግም ሐጃ፤ ጤናዎን ብቻ" አልኩ።

"ማሻአላህ!" አሉ ደስ ብሏቸው። ግንባሬን ሳሙኝና ወደ እንግዶቻቸው ዞሩ።

ቀኑን ሙሉ በፊታቸው ተመላለስኩ። ውሃ አቀረብኩ፣ ያልተጠየቅሁትን ትራስ አስተካከልኩ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። በሞቴ የሚል ጠፋ! አንድ ቃል ቢወጣቸው ልጃቸው፣ የማዳም ባል፣ እናቱን እምቢ አይልም ነበር። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ አሳደጉን፤ ዝንብ ብቻ መሰላችሁ? እንጀራም አይገባም! ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ግን ማንም አጥብቆ አልነገረኝ።

ማዳም ቅጣቷን አላነሳችም፤ አማቷ ፊት ስላፈረች ይባስ ጠመመችብኝ። ሰዓዳ ያለ እኔ ተዳረች። ጫማውን በሰው ላክሁላት፤ በስልክ፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኳት። ሙሽራ በሠርጓ ሰሞን ለምን ታልቅስ ብዬ ነው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ዓርብ ከሱቁ ወጥቼ አጅማን ያለችው ክፍሌ እንደገባሁ ደወልኩላት። ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"እኔኮ ሥራሽን ከእኔ አስበልጠሽ የቀረሽ ነበር የመሰለኝ" አለችኝ። "እስከ ዛሬ።"

"ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?"

"ታላቄ አይደለሽ? እንዴት ብዬ?"

ከዚያ ሁለታችንም ተላቀስን። ሃያ ምናምን ዓመት እኔ በማዳም ቂም ይዤ፣ እህቴ በእኔ ይዛ! ማዳም የነሳችኝ አንድ ሠርግ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተነፋፈግነው ግን እኛው ነን፣ በጨዋነታችን።