አምደሚካኤልና የኪራዩ ኮሮላ

አምደሚካኤል መንጃ ፈቃድ ያወጣው ካቻምና ነው። ደብረ ማርቆስ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ያላየ ባልደረባ የለም፤ ሲነዳ ያየው ግን አንድም የለም። መንዳትን በአፉ የጨረሰ ሰው ነው። ዳገት ላይ የቆመች መኪና ማስነሳት አይችልማ! በሥልጠናው ጊዜ መኪናዋ ወደ ኋላ በተንሸራተተች ቁጥር ፍሬን የሚረግጥለት አሠልጣኙ ነበር።

ይህ ጀግና ለዳግማይ ትንሣኤ ኮሮላ ተከራየ። ሚስቱ ትንቢት «በሚኒባስ እንሂድ» ብትለው፣ «አባትሽ ደጅ በሚኒባስ? ምን ሊባል!» አላት።

ገና አምበር ከተማ ሳይደርሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። መሪውን የያዘው ሊያመልጠው እንደሚታገል በግ ነው። በልቡ የሚጸልየው ለአንድ ነገር ብቻ፦ በዲማ በኩል ከአማቶቹ መንደር በታች ያለውን ዳገት ሳይቆም እንዲወጣው። ከቆመ አለቀለት፤ መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል፣ ስሙም ተከትሏት።

ዳገቱ መሐል ላይ ጃንጥላ የያዙ ቄስ እጃቸውን አነሱ። አምደሚካኤል ነዳጅ ረገጠ።

«አንተ! የንስሐ አባቴን እኮ ነው አቧራ ያለበስካቸው!» ጮኸች ትንቢት።

«በክላክስ ሰላም ብያቸዋለሁ።»

በእኛ አገር ሽማግሌ በክላክስ ሰላም አይባልም። ይቆማል፣ ይወረዳል፣ መስቀል ይሳለማል፣ የከብቱ ደኅንነት ሳይቀር ይጠየቃል።

ቤት ሲደርሱ ማዕዱ ቀርቧል፤ እጁን የሚሰድ ግን የለም። «አባ ፍቅረ ሥላሴ ሳይባርኩት ማን ይነካዋል?» አሉ አማቱ አቶ ደምለው። «በእግራቸው እየመጡ ነው። መኪና ይዘህ የለ፣ ብቅ በልና አምጣልን።»

ቁልቁለት ደግ ነው፤ የቆመውን ሁሉ ያስነሳል። አምደሚካኤል ሽቅብ ሲመጡ ያገኛቸውን አባን ደግፎ አሳፈረ፣ ታች ሜዳው ላይ አዞረና በአንድ ትንፋሽ ሊወጣው ተነሣ። ከግማሽ በላይ እንደወጡ አባ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እማሆይ ሙላቷ ናቸው። አቁምላቸው።»

«አባ፣ ደርሰናል እኮ…»

«እኔንም እንዲሁ ነው ያለፍከኝ። አቁም!»

አቆመ። ሞተሩም አብሮ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር አባ «በስመ አብ!» አሉ። አምደሚካኤል የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተው። ገደሉ አፍ ላይ ቆመች።

«ምነው፣ አስነሣት እንጂ!»

«አልችልም፣ አባ።»

«ምኑን ነው የማትችለው?»

«ዳገት ላይ ማስነሣት። ችዬም አላውቅ።»

አባ አዩት። «ይህን ሳትነግራት ነው የንስሐ ልጄን ጭነህ የመጣህ?»

ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው፣ እማሆይን ይዘው፣ ሦስቱም በእግራቸው ወጡ።

ደጅ ላይ ዘመድ አዝማድ መኪናዋን ሊያይ ተሰብስቧል። «መኪናዋስ?» አሉ አቶ ደምለው። ከቢሮ ለቀረበት ቀን ሁሉ ሰበብ የማይነጥፍበት ሰው፣ አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ከጎኑ ቆመዋልና ምን ይዋሽ? ተናገረ። ማንም አልሳቀም፤ የባሰውም ይኸው ነበር።

ማዕዱ ተባረከ። የአምደሚካኤል ጆሮ ታች ዳገቱ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ሲንከባለል የሚሰማ እየመሰለው። ትንቢት ከጎኑ አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣» አለች ቆይታ፣ «የሚነዳልን ሰው ይፈልጉልን።»

አቶ ደምለው አማቻቸውን ሳያዩ «ደግ ነው» አሉ። ሲመለሱ የኋላው ወንበር የእሱ መሆኑን ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።