የፒያቲላካ ዳቦ ባጃጅና መቺዎቹ

በደሴቷ አገራችን፣ በጋል ከተማ፣ ዳቦ የሚመጣው በዜማ ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዳቦ የጫነች ባጃጅ በየሰፈሩ ትዞራለች፤ ጣሪያዋ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ያችኑ አንዲት ቲሪሪም ቲሪሪም የምትል ዜማ ይደጋግማል፤ ሰውም ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሽርጡን እያጠበቀ ይወጣል። የእኛ ሰፈር ዳቦ ሻጭ ፒያቲላካ ይባላል። ጎረቤቴ ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሚስቱ ኩሱማላታ ስትቆጣው እኔም አብሬው እሸማቀቃለሁ።

ፒያቲላካ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ስለ ክሪኬት ግን ምንም አያውቅም። እኛ አገር ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ስለሌለ እሱም ደብቆት ኖሯል። «ትናንት እንዴት ነበርን?» ሲሉት «ኧረ ተወኝ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ብናሸንፍም ብንሸነፍም መልሱ ይሠራል።

በዚያ ዓመት ሦስት የውጭ ቡድኖች በተከታታይ ሊጫወቱን መጡ፤ መጀመሪያ እንግሊዞች፣ ቀጥሎ ኒውዚላንዶች፣ በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካዎች። ሜዳው ከድሮው ምሽግ ሥር ነው፤ ትኬት ያልገዛ የምሽጉ ግንብ ላይ ወጥቶ ያያል። ግንቡ ደግሞ አለቃ አለው። ዊራኮዲ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። ሥራውን ሲለቅ ፊሽካውን አልመለሰም። እሱ ሲነፋ ግንቡ ላይ ያለ ሁሉ ቁጭ ይላል።

ከእንግሊዞች ጋር በተጀመረው የአምስት ቀን ጨዋታ የመጀመሪያ ቀን፣ ከእኛ መቺዎች ዋናው እንደ ምሰሶ ተተክሎ እንግሊዞችን አላስጠጋ ብሏቸው ነበር። ፒያቲላካ በግንቡ ሥር ባለው መንገድ ቲሪሪም እያለ አለፈ። ወዲያው ኳሷ ከመቺው ጀርባ ያሉትን እንጨቶች በታተነቻቸው፤ በሕጉ መሠረት ሰውየው ከጨዋታ ውጭ ሆኖ ዱላውን ይዞ ወጣ። ማንም ነገሬ አላለውም። ከምሳ በኋላ ፒያቲላካ ተመልሶ ሲያልፍ ሁለተኛው ወጣ። አመሻሹ ላይ ዜማው ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ሦስተኛው ወጣ። ዊራኮዲ ይኼኔ ፊቱን ከሜዳው ወደ መንገዱ አዞረ።

«አንተ ዳቦ!» ብሎ ከላይ ጮኸ። «ቁም! ዝጋው ያንን ነገር!»

«ምኑን አለቃ?»

«ዘፈኑን! መቺዎቻችንን ፈጀሃቸው እኮ!»

ፒያቲላካ ደንግጦ ወረደና ጎንበስ ብሎ ከጎማዎቹ ሥር አየ። ሰው የገጨ መስሎት ነበር።

በማግስቱ ያለ ዜማ እንዲሸጥ ተፈረደበት። በአፉ «ዳቦ» እያለ ዞረ፤ ነገር ግን ዓይናፋር ስለሆነ ድምፁ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነበር። የወጣለት የለም። ዳቦውን እንዳለ ይዞ ተመለሰ፤ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ምን ሆነህ ነው ይዘኸው የመጣኸው?»

«ዜማውን ስከፍት መቺ ይወድቃል ተባለ።»

«የት ነው የሚወድቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሜዳ ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ከወደቀ አይነሳም? እግር የለውም?»

በነጋታው ኩሱማላታ ዱቄቱ ያልተራገፈ እጇን እያወናጨፈች ግንቡ ላይ ወጣች። ዊራኮዲ ፊሽካውን ነፋ። አልተቀመጠችም።

«የባሌ ዜማ ሰው የሚጥል ከሆነ፣» አለችው፣ «እንግሊዞቹን የማይጥለው ለምንድን ነው? ፓስፖርት እያየ ነው እንዴ የሚጥለው?»

ዊራኮዲ ጃንጥላውን ዘጋና ብዙ አሰበ። ፒያቲላካ ሹመት ያገኘው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንግሊዞች ሲመቱ ባጃጇ ከግንቡ ሥር ትቆማለች፤ ዊራኮዲ ሲነፋ ፒያቲላካ ዜማውን ይለቃል። በመጀመሪያው ፊሽካ አንድ እንግሊዝ ወጣ። ግንቡ ሊፈርስ ደረሰ። በሁለተኛው ሌላ ወጣ። በሦስተኛው ግን መቺው ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት፤ አጥሩን አለፈች፣ መንገዱን አለፈች፣ የባጃጇን መስታወት ሰብራ የአዞ ዳቦዎቹ መሐል ተቀበረች። የአዞ ዳቦ ማለት በአዞ ቅርፅ የሚጋገር፣ ስኳር የሚነሰነስበት ነው። ኳሷን ሊወስድ የመጣው ተጫዋች አንድ አዞ ተጋብዞ እያኘከ ተመለሰ። ዳኛው ኳሷን በመሐረብ ቢጠርጋት ስኳሩ አልለቅ አለ፤ በመጨረሻ ሌላ ኳስ አስመጣ። ጣቱን ሲልስ ግን ሁላችንም አይተነዋል።

«ይኼ የኔ ጥፋት ነው፣» አለ ዊራኮዲ። «ፊሽካውን አዘግይቻለሁ።»

ቡድናቸውን ተከትለው ከመጡት እንግሊዞች አንዱ፣ ኖርማን የሚባል እንደተቀቀለ ሸርጣን የቀላ ሰውዬ፣ ነገሩን ደረሰበት። ዳቦው ሲያልቅ ባጃጇ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ አስተዋለ፤ ኩሱማላታ ያለ ዳቦ ነዳጅ አታቃጥል ብላዋለቻ። ስለዚህ ኖርማንና ጓደኞቹ በጠዋት ተሰልፈው ያለውን ሁሉ እየገዙ እዚያው ይበሉት ጀመር። ባጃጇ ባዶዋን ሄደች፤ ግንቡ አለቀሰ። ኩሱማላታ ግን ጦርነቱን ወደደችው። በማግስቱ እጥፍ ጋገረች። እነሱም እጥፍ በሉ። በመጨረሻው ቀን ኖርማን ሸሚዙን ከፍቶ ግንቡ ጥላ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር።

«በቃኝ፣» ይላል፣ «ልሞት ነው።»

«አንዲት አዞ ብቻ ቀረች፣ ኖርማን!» ይሉታል ጓደኞቹ ራሱን ደግፈው። «አገርህ ታይሃለች!»

አላመጣትና አልዋጥ አለችው። ኋላ ዝናብ መጣና ጨዋታው አሸናፊ ሳይኖረው ተበተነ።

ኒውዚላንዶች ሲመጡ ዜማው አንዳንዴ ሠራ፣ አንዳንዴ አልሠራም። ሲሠራ ለሳምንት ተወራ፤ ሳይሠራ ሲቀር ፊሽካው ዘግይቷል ተባለ። ፒያቲላካ ትልቅ ሰው ሆነ። ፀጉር ቤት ወረፋ ይለቁለታል፤ ድሮ ሰላም የማይሉት ሰዎች «አይያ፣ ታላቅ ወንድማችን!» እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። ጥቁር መነጽር ገዛ። እቤቱ ደግሞ ምግብ ሲጠግብ መቺ እንደሚያስወጣ የክሪኬት ዳኛ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ማንሳት ጀመረ።

«ጣትህን አውርድ፣» የሚለው የኩሱማላታ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፣ «አለዚያ ሰሐኑን ራስህ ላይ አወርድልሃለሁ!»

የደቡብ አፍሪካዎቹ የመጨረሻ ቀን ግን ጉድ ፈላ። የእኛ የመጨረሻው መቺ ገብቷል፤ እሱ ከወጣ ተሸነፍን። ሥራው ኳስ መወርወር ነው፤ እንደ ሸንበቆ የረዘመ፣ ዱላውን እንደ ጃንጥላ የሚይዝ ልጅ። ለማሸነፍ ጥቂት ነጥብ ብቻ ቀርቶናል። ባጃጇ ዝም ብላ እንድትቆም በጥብቅ ታዝዛለች። በዚህ መሐል ካፊያ ወረደ። ውሃው ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ገባ መሰለኝ፣ ዜማው ራሱን በራሱ ቲሪሪም ብሎ ተነሳ።

«ዝጋው!» ግንቡ በሙሉ ጮኸ።

«እምቢ አለኝ!»

ሰው እየተንሸራተተ ከግንቡ ወረደ። አንዱ ሸሚዙን አውልቆ ድምፅ ማጉያውን ጠቀለለው፤ አንዲት እንደ መነኩሲት የተከበረች ጡረተኛ አስተማሪ ትራስ አመጣች፤ የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት። ፒያቲላካ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ጎተተ። ጥሩምባው ተጨመረ። ከዚያ ዝናብ መጥረጊያው መወዛወዝ ጀመረ። ዜማው ከሥጋ ሻጩ ሥር ሆኖ ይጮሃል።

ሜዳ ላይ ሸንበቆው ዓይኑን ጨፍኖ ወነጨፈ። ኳሷ አጥር ጋ ደረሰች። ደግሞ ጨፈነ፣ ደግሞ ወነጨፈ። አሸነፍን!

የማይተዋወቅ ሰው ተቃቅፎ ሲዘል ቆየና ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ዊራኮዲ ዞረ። ዜማው አሁንም አልቆመም።

«ግልጽ ነው፣» አለ ዊራኮዲ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ውሃ ስለገባበት ተገልብጦ ነው የሠራው።»

ያን ጊዜ ፒያቲላካ መነጽሩን አወለቀ። ድካሙ ይሁን ደስታው እንጃ፣ «አለቃ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለ። «እኔ እኮ ጨዋታውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

«እንዴት? ሦስቱንም ቡድን?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው። ዳቦውን ማን ይጠብቅልኝ?»

ዊራኮዲ ደረቱን ያዘ። ሥጋ ሻጩ ከጣሪያው ላይ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ በመጨረሻ ፒያቲላካም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ዜማውን እንዲከፍት ወይም እንዲዘጋ ያዘዘው የለም። ዊራኮዲ መጥፎ ዕድል የሚያመጣው የገዛ አማቹ መሆኑን ደረሰበትና በጨዋታ ቀን ወደ ዘመድ ቤት ይልከው ጀመር።

ለሚቀጥለው ወቅት የግንቡ ሰዎች አዋጥተው ለፒያቲላካና ለሚስቱ ከሜዳው ውስጥ መቀመጫ ገዙላቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ፒያቲላካ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ተቀመጠ። ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ አንቀላፋ። ኩሱማላታ ግን ከወንበሯ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ከምሳ በፊት ሕጉን አወቀች፣ ከምሳ በኋላ ዳኛውን ትሰድብ ጀመር።

ሻይ ዕረፍት ሊደርስ ሲል ፒያቲላካ ነቃ።

«አለቀ?»

«ምን ያልቃል፣ ገና አራት ቀን አለው።»

«አራት ቀን?» ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ እሷ አየ። «እና አሁን ማን እየመራ ነው?»

«ዝም በል፣ ሊወረውር ነው!» አለችው ዓይኗን ሳትነቅል።

ፒያቲላካ ተነስቶ የሚበላ ፍለጋ ሄደ። ከአንዱ ሻጭ የአዞ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ፤ ገመጠና ፊቱን አጨማደደ።

«ደረቅ ነው፣» አለኝ በሹክሹክታ። «የትናንት ነው።» ግን ጨረሰው።