የጠላቴ የክርስትና ስም

ልጄ ሰበታ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ስትሠራ ማሽኑ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ቆረጠባት። ሥራው እንዲፈጥን ብሎ የማሽኑን መከለያ ያስፈታው የፈረቃ ኃላፊዋ ነበር። ሲጠየቅ ግን «ስልኳን ስታይ ነው» አለ። አለቆቹ እሱን አመኑት። ልጄ ጥፋተኛ ተብላ ከሥራ ወጣች።

ነፍሷን ስላተረፈልኝ አምላኬን አመሰገንኩ። ከምስጋናው ቀጥዬ እዚያው አምላኬ ፊት ሰውየውን ከሰስኩት። ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ «ፍረድበት» እል ነበር። አንድ ቀን ይህን ስል ደረቴ ሞቀ፤ እንባዬ ወረደ፤ ሰውነቴ ቀለለኝ። ሰማኝ አልኩ። ለልጄም ነገርኳት።

«ስሜት ነው እማ» አለች፣ በግራ እጇ ሽንኩርት ለመላጥ እየታገለች። «እኔም እሱን ሳስብ ይሞቀኛል። ታዲያ እግዜር ነው?»

«አፍሽን ያዢ!»

«እሺ፣ ለእጄ ስትጸልዪስ ይሞቅሻል?»

ሽንኩርቱን ተቀብያት መላጥ ጀመርኩ። ለእጇ ስጸልይ ምንም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ኋላ ፍርዱ የዘገየው በእኔ ጉድለት ነው አልኩ። ሰው በጸሎት የሚነሳው በክርስትና ስሙ ነው፤ እኔ የማውቀው ፋብሪካ የሚጠራበትን ብቻ ነበር። ክሴ ከሌላ ሰው ጋር ሳይምታታ በቀጥታ እሱ ላይ እንዲያርፍ ፈለግሁ።

እኔና ሰውየው የምንሳለመው አንድ ደብር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ሲያየኝ ሸሸት አለ።

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አልኩት።

«ለምን፣ እናቴ?»

«ለጸሎት።»

አልዋሸሁም። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ አልኩ።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም» አለና ስሙን ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ይበርቱልኝ።»

«እበረታለሁ» አልኩት። ስሙ እንዳይጠፋኝ መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩ ተመለስኩ። ቢላ በነጠላዬ ጠቅልዬ የያዝኩ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ለጸሎት ቆምኩ። ስሙን ጠራሁ። «ፍረድበት» ልል ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደረቴ ቀዝቃዛ ነው። የልጄን እጅ አሰብኩ፤ ደሙን አሰብኩ፤ ውሸቱን አሰብኩ። ያው የቀድሞው ሙቀት መጣ፤ እንባውም መጣ። ግን እኔው ቆስቁሼ እንዳመጣሁት አወቅሁ። ልጄ እውነቷን ነበር፤ ያ ንዴቴ ነው።

ሞቆኝም ቃሉ አልወጣም። ስሙን ደግሜ ጠራሁ። ድምፄ ልጇን ለምሳ የምትጠራ እናት ድምፅ ሆነብኝ። ከስሙ ወዲያ መሄድ አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ደስታ አልተሰማኝም፤ ሰላምም አልተሰማኝም። ቃሉን የከለከለኝ ግን ነበር። የራሴ ስሜት ቢሆን ኖሮ ለእኔ ያደላ ነበር።

አልማርኩትም። መከለያውን ማን እንዳስፈታ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ እያፈረ ሲናገር ማየት ዛሬም እፈልጋለሁ። ይህን ከእግዚአብሔር አልደብቅም። ጠዋት የሰውየውን ስም እጠራለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። አፌን የያዘውን አምላኬን ጥርሴን ነክሼ አመሰግነዋለሁ። ፍርዱንም ከእሱው እጠብቃለሁ።