በወይንሀረግ ቆጥ ላይ የገቡት ሶኬቶች

ወይንሀረግ ዛሬም የምትኖረው ጌጃ ሰፈር፣ እናቷ በወለደቻት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ከላዩ በጣውላ የተረበረበ ቆጥ አለው። በልጅነቷ ከወንድሞቿ ጋር የምትተኛው እዚያ ነበር። አሁን ሃምሳን አልፋለች፤ መሰላሉን ግን ሳትደገፍ ትወጣዋለች። ጎረቤት "ፍየል" ሲላት "ፍየልስ ላይ ስትወጣ ቅጠል ታገኛለች" ብላ ትመልሳለች።

ለብዙ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋችበት ስፌት ቤት እዚሁ ሰፈራችን ካለው ፍርድ ቤት ጀርባ ነበር። ባለቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ሰሚት ሲዛወር አብራው ሄደች። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ከማታው ጋር እየተያያዘባት ብዙም ሳትቆይ ተወችው። "ቀኑን ሙሉ የምሰፋው መንገድ ሆነ" አለችኝ፤ እኔም እዚያው ግቢ ነው የምኖረው።

በዚያ ሰሞን የታናሽ እህቴ የቃለሕይወት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና እኔ ቤት በአንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ቃለሕይወት ያረፈችው ኅዳር ውስጥ ነው። ማንም እንዲነካው አልፈልግም ነበር። ወይንሀረግ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር ወደ አንሶላው ታይና ወሬ ትቀይራለች። አንድ ቀን ግን "ሥራ የለመደ ነገር ሲቀመጥ ይታመማል" አለች። በማግስቱ ተሸክሜ ወሰድኩላት።

መኪናው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ታች አልጋው፣ ቡፌውና ፍሪጁ ተቃቅፈው ነው የቆሙት። የቀረው ቆጡ ነው፤ ቆጡ ላይ ደግሞ አንድ አምፖል እንጂ ሶኬት የለም። መጀመሪያ ከታች በማከፋፈያ ሽቦ ስባ ሞከረች። ሽቦው ግሎ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። መኪናው እዚያ ካልሠራ፣ ወይ ወደ ሰሚቱ ሰልፍ መመለስ ነው፣ ወይ መርፌና ክር ይዞ መቀመጥ።

በግቢያችን ለአምስት ቤት አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። በልማዳችን አዲስ ሶኬት የሚያስገባ ሰው ሁሉንም ያስፈቅዳል። ቆጣሪው ያለው በጡረተኛው በጋሽ ኢዶሳ ግድግዳ ላይ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

"አሁንም እኮ ብሬከሩ በየቀኑ እየወረደ መብራት ይጠፋል" አሏት ጋሽ ኢዶሳ። "አንቺ ልትሰፊ እኛ በጨለማ ልንዳክር ነው?"

"ጋሼ፣ የስፌት መኪና እኮ ነው፤ ወፍጮ አልተከልኩም።"

"ወፍጮም ሲጀምር እንዲሁ ይባላል።" ትንሽ አሰቡና "ይግባ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ቤት ያለውን ሁሉ ይክፈት፤ አንቺም መኪናሽን አስነሺ። ብሬከሩ ከወረደ ሶኬቱ ይነቀላል" አሉ።

ወይንሀረግ በዚህ ተስማማች። ማታ ግን እንቅልፍ እንዳጣች ነጅማ፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣ ነግራኛለች።

ሥራውን የያዘችው ሌንሳ የምትባል ወጣት ኤሌክትሪሻን ናት። ቆጡ ላይ ወጥታ ግድግዳውን በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ ከፍታውን የለካችው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነበር። ወይንሀረግ ወንበሩን አውጥታ ልትቀመጥ ስትል ጭንቅላቷ ከጣራው ቆርቆሮ ጋር ተጋጨ።

"ወለሉ ላይ ነው የምሰፋው" አለች እያሻሸች።

"ፔዳሉንስ በምን ይረግጡታል?"

"በጉልበቴ ነዋ።"

እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና ፔዳሉን ከጉልበቷ ሥር አስገብታ ተጫነችው። ሌንሳ ሳቀችና ምልክቱን አጥፍታ ዝቅ አደረገችው። ራሱን የቻለ ሽቦ ከቆጣሪው በፕላስቲክ ቱቦ አምጥታ ሁለት ሶኬት ገጠመች፤ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለካውያ።

እሑድ ደረሰ። ነጅማ የኤሌክትሪክ ስቶቯን ከፈተች፤ ከየቤቱ ቴሌቪዥን ጮኸ፤ እኔም ያለኝን አንድ የአየር ማራገቢያ ከፈትኩ። ወይንሀረግ ቆጡ ላይ ሆና መኪናውን አስነሳች። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑም መኪናውም ባንድ ጊዜ ቆሙ።

ጋሽ ኢዶሳ ከቤታቸው ብቅ አሉ። "አልተናገርኩም?"

ወይንሀረግ ከቆጡ አልወረደችም።

"ይቆዩ ጋሼ" አለች ሥራዋን ልታይ የመጣችው ሌንሳ። "ሁላችሁም አጥፉ። አንድ በአንድ እንከፍታለን፤ መጀመሪያ ቆጡ።"

ብሬከሩን ከፍ አደረገችው። መኪናው ተነሳ፤ ብሬከሩ አልወረደም። ካውያው ተጨመረ፤ አልወረደም። የነጅማ ስቶቭ፣ የሌሎቹ ቴሌቪዥን፣ የእኔ ማራገቢያ ተጨመሩ፤ ብሬከሩ እንደቆመ ነው። የቀረው የጋሽ ኢዶሳ ቤት ብቻ ሆነ።

"የእኔማ አምፖልና ሬዲዮ ነው" አሉ።

ነጅማ ዝቅ ብላ አየቻቸው። "ጋሼ፣ ሱሪዎ ለምን ተጠቀለለ? እግርዎስ ለምን ረጠበ?"

ሁላችንም ወደ እግራቸው አየን። ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር። ለካ ቤት ውስጥ በአንዱ ባልዲ እግራቸውን ዘፍዝፈው፣ በሌላው ባልዲ ደግሞ የውሃ ማሞቂያ ብረት ነክረው ሰክተው ኖሯል።

"ያላችሁን ሁሉ ክፈቱ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ ቆፍጠን ብለው። "እኔስ ከሕጉ ውጭ ነኝ?"

"ታዲያ በየቀኑ የሚወርደው በዚህ ነዋ" አለች ነጅማ።

"ሪህ ያለበት ሰው እግሩን በምን ያሙቅ? በሬዲዮ?" ብለው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ግቢው ሁሉ ተከተላቸው። ሌንሳ ብቻ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ በረጠበ እግር ያንን ብረት እንዳይነኩ አጥብቃ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ እሷም አልቻለችም።

ወይንሀረግ ከቆጡ ጫፍ አንገቷን አወጣች። "ሶኬቱስ?"

"ይቀመጥ" አሉ። ገብተው አንድ የታጠፈ ሱሪ ይዘው ወጡ፤ የልጃቸው ስጦታ ነው፣ ርዝመቱ ግን ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስላል። "ይህን አሳጥሪልኝ። መቼም ዛሬ የመጀመሪያ ደንበኛሽ ነኝ።"

"እግርዎን አድርቀው ይምጡ፤ ልክዎን ልውሰድ።"

ካውያው ላይ ውሃ ጠብ ስታደርግ ጭስስ ሲል ሰማን። ቀጥሎ መኪናው ተነሳ። ያንን ድምፅ ከኅዳር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ታች ቆሜ አዳመጥኩት፤ ክር ሲቀየር ትንሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ነጅማ "ምሳ ቀርቧል፣ ምን ያቆምሃል?" ብላ ጎተተችኝ። ገብተን በላን። ወይንሀረግ ግን ሳልጨርስ አልወርድም ስላለች፣ ምሳዋን በመሰላሉ አቀበልናት።