የወለምታ ጩኸት

ባለፈው ሐሙስ፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ባለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ ማንም ሳይነካኝ ጮህሁ። ሐኪም ስኳርሽ ወደ ላይ እያለ ነውና ተንቀሳቀሺ ብሎኝ፣ እኔም የድሮ ሯጭ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ፣ በጠዋት በአዘዞ መንገድ ላይ ከወጣቶቹ እኩል ልሁን ስል ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ቋ ብሎ ነበር ወደዚያ የወሰደኝ። ባለሙያው ከማስተምራቸው ልጆች ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ጓንቱን አጥልቆ፣ አውራ ጣቱን ወደ እግሬ እያስጠጋ፣ «ሲያምዎት ይንገሩኝ፣ እሽ?» አለኝ። ጣቱ ገና አየር ላይ ሳለ እኔ «ወይኔ እናቴን! ወይኔ እናቴን!» ብዬ ክፍሉን አናጋሁት። ልጁ ሲያፈገፍግ ወንበሩን ጣለ፤ ከኮሪደሩ ሁለት ነርሶች ሮጠው ገቡ፤ እሱ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ «ኧረ በማርያም፣ አልነካኋቸውም!» ይላል። ከሁሉም በላይ የደነገጥሁት ግን እኔ ነበርሁ። በመጮሄ አይደለም፤ ጩኸቱን ስለማውቀው ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት አባቴን ያታለልሁበት ጩኸት ነው፣ ከነዜማው፣ ምንም ሳይጎድልበት ከአፌ የወጣው።

አባቴ አያ ምስጋናው መካነ ብርሃን ላይ ወጌሻ ነበር። ያርሳል፣ ጥቂት በጎችም ነበሩት፤ ስሙ የወጣው ግን በአውራ ጣቱ ነው። አገሩ ገደል ነውና ሰው ይወድቃል፤ በቅሎ ትጥላለች፤ ገበያ ሲወርድ እግሩ የሚታጠፍ፣ እንጨት ሲፈልጥ ትከሻው የሚወልቅ አይጠፋም፤ የገበያ ቀን ከሆነማ ደጃችን በቃሬዛና በበቅሎ በመጣ ሰው ይሞላል። አባየ በሽተኛውን መደቡ ላይ ያስቀምጥና፣ ቅቤውን በመዳፉ አሙቆ፣ እግሩን ከያዘ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የሚያሸውን እግር አያይም። ሰው ሁሉ በጣቱ የሚፈውስ ይመስለው ነበር፤ በጆሮው እንደሆነ የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቹ ብቻ ነን።

«እግር ይዋሻል፤ ያበጠው ደህና ይሆናል፣ ያላበጠው ተሰብሮ ይገኛል። ጩኸት ግን አይዋሽም» ይል ነበር። ወለምታ «ወይኔ እናቴን» ያሰኛል፤ ወፍራምና ረጅም ነው። ውልቃት ስድብ ያስወጣል፤ ስንቱ ቄስ ከዚያ መደብ ላይ አባየን ወርፎት በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል። ስብራት ግን ቀጭን ነው፤ የግልገል ድምፅ የመሰለች፣ ሳታልቅ የምትቆረጥ አንዲት ጩኸት። አባየ እሷን ከሰማ ጣቱን እሳት እንደነካ ሰው ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ማሸት ብሎ ነገር የለም። ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እግሩ ይታሰራል፤ አርባ ቀን መሬት አይረግጥም።

እኛ ልጆቹ ደግሞ ከዚህ ሌላ ጨዋታ አልነበረንም። ታናሽ ወንድሜ ወጌሻ ይሆናል፣ እኔ በሽተኛ፤ ወለምታውንም፣ ውልቃቱንም፣ ስብራቱንም እያፈራረቅሁ ስጮህ ጎረቤት እውነት መስሎት ይመጣ ነበር። እናቴ «ምነው እናንተ፣ በሰው ስቃይ!» እያለች በማማሰያ ታባርረናለች። አባየ ግን አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲሰማኝ ቆይቶ «ይችስ ከበሽተኛው ትበልጣለች» ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ማየት ደስ ይለኝ ስለነበር ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት አጥብቄ እጮህ ጀመር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ በወረዳው በሩጫ የምትቀድመኝ ሴት ጠፋች። ጎንደር ላይ በሚደረገው ውድድር ከአዲስ አበባ የሚመጣ አሰልጣኝ ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡትን ሴቶች ለክለብ ይወስዳል ተባለ። ያን ጊዜ ከክፍሌ ሴት ልጆች ግማሾቹ ተድረዋል፤ ለኔም ሽማግሌ መላክ ተጀምሮ ነበር። አባየ «ተዉአት ትሩጥ» እያለ ይመልሳቸዋል፤ ሩጫው ከቀረ ግን የሚመልስበት ምክንያት እንደሚያልቅበት እሱም፣ እኔም፣ ሽማግሌዎቹም እናውቃለን። እናም ለውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው ቀኝ ቅልጥሜን አመመኝ። ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሽምብራ በምታህል ቦታ ላይ። መጀመሪያ ሲሞቀኝ ይተወኝ ነበር፤ ቆይቶ ሲሞቀኝም አልተው አለ፤ በኋላማ ቁልቁለት ስወርድ እያንዳንዷ እርምጃ እስከ ጥርሴ ትሰማኝ ጀመር።

አባየ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳነክስ አየኝና «ነይ እስኪ ደብሬ» አለኝ። ስንቱን በሽተኛ ካየሁበት መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ቅቤውን አሞቀ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ አውራ ጣቱ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ። ያቺን ቦታ ሲነካት ዓይኔ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ቀጭኗ ጩኸት ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። በጌታ፣ እንዲህ ታምማለች ብዬ አላሰብሁም ነበር! ስትመጣ ደግሞ ማን እንደሆነች አወቅኋት። ከለቀቅኋት አርባ ቀን መታሰር ነው፤ ለውድድሩ የቀረው ሠላሳ አምስት ቀን ነው። ዋጥኋት። በምትኳ ወፍራሙን፣ ረጅሙን፣ «ወይኔ እናቴን!» የሚለውን ለቀቅሁለት።

አባየ ፊቱ በራ። «ወለምታ ናት፤ ሸጋ! ታሽታ ትድናለች» አለና ያሸኝ ጀመር።

ሠላሳ አምስቱን ቀን አንድ ቀን እየዘለለ አሸኝ። እኔም ልክ በሰዓቱ እጮህለታለሁ፤ እውነተኛው ሲመጣ የሹራቤን አንገት እነክሳለሁ። ሹራቡ ተተርትሮ አለቀ፤ እናቴ አይጥ መስሏት ከጎረቤት ድመት ተዋሰች። ድመቷም ከመደቡ ሥር ተቀምጣ፣ እኔ በጮህሁ ቁጥር ዘላ ትወጣ ነበር።

ጎንደር አባየ አብሮኝ መጣ፣ ቅቤውን በትንሽ ቅል ይዞ። ውድድሩ የሚያልቀው ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረን ነው፤ ሜዳው ውስጥ ስንገባ ሦስተኛ ነበርሁ። አንድ ዙር ሲቀረኝ አራተኛዋን ልጅ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሩቅ ናት። አለቀ፣ ገባሁ አልሁ በልቤ። ከዚያ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዘወር እንኳ ለማለት አስቤ ነበር። እግሬ ከሥሬ ጠፋ። ሳምንታት ሙሉ ስውጣት የከረምኋት ጩኸትም ከነቅጥነቷ ወጣች። አባየ ከአጥሩ ማዶ ሰው መሀል ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጮህ እሷን ለይቶ ሰማት፤ ማንንም ሳይነካ ሁለት እጆቹን ከአጥሩ ላይ ብድግ ሲያደርጋቸው አየሁት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና ተቆጣ። «ይህ የዛሬ ብቻ አይደለም። አጥንቱ ሳምንታት የቆየ ስንጥቅ ነበረው፤ በላዩ ላይ ሲታሽ ከርሟል። ማነው ይህን ያሸው?»

አባየ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ ነኝ ጌታየ» አለ።

ሐኪሙ አባየን አየ፣ እኔን አየ። «ልጅዎ ናት?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ሲለው ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ብቻችንን ስንቀር አባየ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው በሚመስል ድምፅ ጠየቀኝ። «ደብሬ፣ ያ ጩኸትሽ… ወለምታው… እውነትሽን ነበር?»

«እውነቴን ነበር አባየ» አልሁት።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አባየ መትቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አይመታኝም ነበር። አፈርሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እግሬንም፣ ክለቡንም በአንድ ቀን አጥቼ፣ ውሸታም ደግሞ መባል አልቻልሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወጌሻ ልጅ ሆኜ ይህ ተረት እኔ ላይ ሲደርስ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አራት ወር ጎንደር ቀረሁ፣ የአባየ እህት እቴቴ ባንቻየሁ ቤት፣ እግሬ እስከ ጉልበቴ በጀሶ ተለብጦ። ጀሶው ውስጥ ሲበላኝ እቴቴ ለስፌት ካዘጋጀችው ስንደዶ እየሰረቅሁ አስገብቼ አክ ነበር፤ «ስንደዶዬን ማን ጨረሰው?» ስትል እኔም አብሬያት እፈልጋለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ሁሉ ማጽናኛ አያጣም፤ አንዷማ «አይዞሽ፣ ለቅዳሴ ለመቆም ይበቃሻል» ብትለኝ ትራሱን ልወረውርባት ምንም አልቀረኝ። ከሁሉ የከፋው ጠዋት ነበር። ሯጮቹ በደጃችን ሲያልፉ ኮቴያቸውን እሰማለሁ፤ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛዋ ተረከዟን እንደምትጥል በጆሮዬ እለያለሁ፤ ብርድ ልብሱ ሥር ጤነኛው እግሬ ብቻውን ይሮጣል። እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እግዜርን እከሳለሁ፣ ከዚያ ቁርስ እበላለሁ። ጀሶው ሲወልቅ እግሬ ከሲታ ሆኖ ወጣ፤ በምርኩዝ ግቢውን አንድ ዙር፣ በሳምንቱ ሁለት ዙር፣ እያልሁ ግድግዳ ይዤ ለመድሁ። መጻሕፍቱንም ያኔ ነው ከልቤ የያዝኋቸው። ሽማግሌዎቹም አንካሳ አንፈልግም ብለው ቀሩ፤ ለዚያስ ስብራቱ በጀኝ።

አገር ቤት ስመለስ አንድ ሰው ልጁን አዝሎ ከደጃችን ቆሞ ነበር፤ የልጁ ክንድ ተንጠልጥሏል። አባየ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከቶ፣ «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው» ይለዋል። ሰውየው ይለምናል። «ወንድሜ፣ እኔ ጆሮዬ ደንቁሯል» አለው አባየ፤ ዞሮም ገባ። እናቴን ብጠይቃት ከጎንደር ከተመለሰ ጀምሮ ማንንም ነክቶ እንደማያውቅ፣ ቅቤውንም ለወጥ አድርጊው እንዳላት ነገረችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጩኸት አይዋሽም ብሎ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እውነቴን ነበር ብዬዋለሁ። ጩኸቱ እውነት ከነበረ የተሳሳተው ጆሮው ነው።

ሰው ሁሉ ግን ነገሩን እንዳለ ወሰደው። አያ ምስጋናው ደነቆረ ተባለ። በመንገድ የሚያገኘው ሁሉ «እንደምን አደሩ!» እያለ በጆሮው ይጮኽበታል፤ እቴቴ ባንቻየሁ ከጎንደር ድረስ የጆሮ መድኃኒት ትልካለች፤ ካህኑ ጸበል ያንጠባጥቡለታል። እሱም አይከራከርም፣ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። አይጥ ቆጥ ላይ ስትሄድ እንደሚሰማ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጎንደር አስተማሪ ሆኜ ከቀረሁ ወዲህ ለፋሲካ በመጣሁ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ዛሬ በዓል ነው እላለሁ፤ ነገ አውቶቡስ ያመልጠኛል እላለሁ። እንዲህ እያልሁ ስንት ፋሲካ አለፈ! ያ የታዘለው ልጅ አድጎ ባለትዳር ሆኗል፤ ክንዱ ሳይቃና ቀረ፣ ሰላም ሲለኝ በግራው ነው። የኔ እግርስ ድኗል፤ ያጣሁት ክለብም ምናልባት በዓመቱ ይመልሰኝ ነበር። ያ አገር ግን ስቃዩን ፊቱን አዙሮ የሚያዳምጥለትን ሰው አጣ፤ አባየም ደጁ ላይ ሰው ሲሞላ የሚያይበትን ዕድሜ አጣ፤ ሁለቱንም የነጠቅኋቸው እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አባየ ታመመ ተብሎ ሄድሁ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ፣ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነገርሁት። «አባየ፣ ያ ጩኸት ውሸት ነበር። እያወቅሁ ነው ያታለልሁህ። ጆሮህ አልተሳሳተም።» ብዬ ጨርሼ ቀና አልሁ። ከንፈሬን ያያል፤ እውነት ደንቁሮ ይሁን ወይስ ሰምቶኝ ከፊቱ መለየት አልቻልሁም። «እህ?» አለኝ። ደገምሁለት። «እህ? ምን አልሽ ልጄ?» አለኝ፣ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ።

እናቴ ከኋላዬ «አንቺ ደግሞ! ከደነቆረ ስንት ዘመኑ፤ ጮኽ ብለሽ ንገሪው እንጂ» አለች። ጠያቂው ሁሉ የምለውን ለመስማት ወሬውን አቋርጦ ወደኔ ዞረ። አባየ መዳፉን ከጆሮው ሳያወርድ ይጠብቀኛል።

«ውኃ ላምጣልህ ወይ?» ብዬ ጮህሁ።

«አምጪልኝ» አለኝ።