ያልተቀመሰው ጥብስ

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር ያለ ቀዳዳ ነበር፤ የእንጦጦ ብርድ በዚያ ይገባል። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«እርስዎን ደግሞ በምን አመጡዎት?» አለችኝ አንዷ።

«በጋዜጣ።»

«ይጽፋሉ እንዴ እማማ?»

«አከራያለሁ።»

ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አጥር ሥር ተቀምጬ ጋዜጣ አከራያለሁ። አስታማሚውም ሥራ ፈላጊውም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነብና ጥቂት ሳንቲም ሰጥቶኝ፣ ጋዜጣውን አጥፎ ይመልሳል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ርዕስ ርዕሱን እኔም አነባለሁ። በወረዳው ስብሰባ፣ ወረቀት ስለተወደደ መንግሥት ለተቸገሩ ጋዜጦች ገንዘብ ሊሰጥ ነው ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ለሚያመሰግናችሁ ብቻ ነው ወይስ ለሚወቅሳችሁም?»

በማግስቱ ፖሊሶች ከነጋዜጣዬ ወሰዱኝ።

ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከወቃሾቹ ጋዜጦች የአንዱ አዘጋጅ መሆኗን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። የእሷን ጽሑፍ ስንት ጊዜ አከራይቻለሁ!

መርማሪው በየቀኑ ያስጠራታል። አይመታትም፣ አይቆጣትም። «ሻይ ያዝልኛል» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ሳትከፍዪ አላትምም ብሏታል፤ ጋዜጣዋ ሊሞት ነው። መርማሪው ደግሞ ከተስማማች ድጎማው እንደሚደርሳት፣ እሷም ቤቷ እንደምትገባ ይነግራታል። ምን እንደምትጽፍና ምን እንደማትጽፍ ብቻ መስማማት ነው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጂ!» አልኳት። «ገንዘቡ የሱ አይደለም። እኔ እንኳ ሳሙና ስገዛ የምከፍለው ታክስ አለበት። ጋዜጣሽ ከሞተ እኔስ ምን አከራያለሁ?»

«ሰው በበላበት ነው የሚጮኸው፣ እማማ።»

«አንቺ ብይና አትጩኺላቸው!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር።

«ነገ መልስ ይፈልጋል። ‹እምቢ ብልስ?› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«እስክሪብቶውን ከደነና ‹ነገ እንነጋገራለን› አለኝ።»

እዚያ ቤት ምግብ በር ላይ ይቀመሳል። ያመጣው ሰው ፖሊስ እያየው ቆርሶ ካልበላ አይገባም። ሴት ልጄ ሽሮ ስታመጣልኝ «እናቴን ልመርዝ ነው እንዴ?» ብላ ስትቆጣ ከውስጥ ሰምቻታለሁ። «ደንብ ነው እህቴ፣ ቅመሺ» ይሏታል። ትቀምሳለች። የገባውን አንድ ላይ አድርገን ጠያቂ የሌላትም ትበላለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ፖሊሷ የተከደነ ሳህን ይዛ ገባች። ስትከፍተው የጥብሱ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ከመርማሪው ነው፤ ለሷ ብቻ» አለች ወደ ቀጭኗ ልጅ እያመለከተች። «ስትጨርሺ ይጠራሻል።»

የልጅቷ ቤተሰቦች ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። እጇ ወደ ሳህኑ ሲሄድ አየሁ። ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁ።

«ቅመሺው» አልኳት ፖሊሷን።

«ምን አሉ?»

«ደንብ ነው። ያመጣ ይቀምሳል።»

«እማማ ይቀመጡ! ከአለቃ የመጣ ነው እኮ።»

«ልጄ ለገዛ እናቷ ያመጣችውን ቀምሳለች። አለቃሽ ከልጄ የበለጠ ያዝንልናል?»

ፖሊሷ ሳህኑን አየች፤ በሩን አየች። ሁላችንም እጇን እናያለን። ጥብስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ላይኖርበት ይችላል። እሷ ግን አልነካችውም። መልሳ ከደነችውና ይዛው ወጣች።

ልጅቷ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ከሽሮዬ አጎረስኳት። ውሰጂ ብዬ የነገርኳትን አልደገምኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አሏት። እንዲህ ሲባል መፈታትም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታ መወሰድም። ነጠላዬን አለበስኳት። በሩ ተዘጋ።

እኔን ቆይተው ለቀቁኝ፤ ለምን እንዳሰሩኝም ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። አሁን ቦታዬ ላይ ነኝ። ሌሎቹ ጋዜጦች ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከበፊቱ ወፍረዋል። የሷ ግን አንድም ቀን አልመጣም። እምቢ ማለቷን ያወቅኩት በዚህ ነው። የት እንዳለች የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ዛሬም መንግሥት ለጋዜጣ አይስጥ አልልም። ገንዘቡ የኛ ነው፤ ለወቃሹም ለአመስጋኙም እኩል ይድረስ። ግን እንደ ልጄ ሽሮ በር ላይ፣ ሁሉም እያየ ይቀመስ። በተከደነ ሳህን፣ ለአንዷ ብቻ ከሆነ ይቅር።

ጋዜጦቼን ስዘረጋ መሃል ላይ አንድ ቦታ ባዶ እተዋለሁ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ሰሞኑን ከአስፋልቱ ማዶ የማላውቀው ሰው ቆሞ ያየኛል። ድምፄን አልቀንስም።